ኖር የሚል ጠፋ

የመጨረሻው ክትባት ለአዳማ ሕዝብ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ቀበሌው ክታቦቹን ሰበሰበ። ክታብ የሚሏት ሰው ሲጠጋ አንገት ላይ የምትንቀጠቀጠዋን ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። መንግሥት ያወጣላት ስም ሌላ ነበር፤ ረጅም ነበር፤ ማንም አይዘውም። ሕዝቡ ግን አንገት ላይ የሚንጠለጠልና ከክፉ የሚጠብቅ ነገር ምን እንደሚባል ከጥንት ያውቃልና ክታብ አላት፤ በዚያው ቀረች። አሁን በማዳበሪያ ከረጢት እየታጨቁ መጋዘን ገቡ። ለምን እንደማይቃጠሉ አንድ ሰው ጠይቆ ነበር። "ለማንኛውም" አሉት።

ጋሽ ያብስራ የራሱን አስረክቦ ሲወጣ አንገቱ ቀለለው። ሰባ ዓመቱ ነው። እሱ ሲወለድ ያብስራ የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ሽማግሌ መሆኑን ያውቃል። የዘመኑ ወላጆች ልጆቻቸውን በለጠችና ተሰማ እያሉ ነው የሚጠሩት። ጡረታ እስኪወጣ ርእሰ መምህር ነበር፤ ያውም ተማሪዎቹን በስክሪን እንጂ በአካል አይቷቸው የማያውቅ ርእሰ መምህር።

የተከተበ ዕለት ከታቢውን ወጣት አንድ ነገር ጠይቆት ነበር። ወጣቱ መርፌውን የሚወጋው በመስታወት ቀዳዳ እጁን አሾልኮ ነው።

"ልጄ፣ እንግዲህ ኑሮ ወደነበረበት ይመለሳል ማለት ነው?"

"የትኛው ኑሮ፣ ጋሼ?"

"የድሮው ነዋ። የበፊቱ።"

ወጣቱ ያሾፈ አይመስልም። "እኔ ከተወለድኩ ይኸው ነው፤ ሌላ አላውቅም። መድኃኒቱ ለሳንባ ነው የተሠራው። ሳንባዎን ይመልስልዎታል። ሌላውን አልነገሩንም።"

ጋሽ ያብስራ መልሱን ንቆ ተወው። እሱ ድሮውን ያውቃል። በሽታው ሲመጣ ሠላሳን ያለፈ ሰው ነበር፤ ሠርግ ጨፍሯል፣ ለቅሶ ተቀምጧል፣ ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ጭን ለጭን ተጣብቆ ሄዷል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይረሳም። ልጅ ሳለ አባቱ ሰው የተሰበሰበበት ቤት ሲገባ ቤቱ ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ይልና "ኖር!" ይል ነበር። አባቱም እጁን ዘርግቶ "በእግዜር፣ በእግዜር! አይገባም፣ ተቀመጡ" ይላል። ያቺን ጊዜ ያብስራ ለራሱ ሲጠብቃት ኖሯል። ሽበቱ በደረሰ ጊዜ ግን ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ጠፋ።

ስለዚህ ክታቡን ባስረከበ ማግስት ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ካፌ ሄደ። መከለያ ላስቲኩ ተነሥቷል፤ ጠረጴዛዎቹ ግን አሁንም ባለአንድ ወንበር ናቸው፤ ባለሁለት የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ገና ደጃፉን ሲረግጥ ተስተናጋጁ በሙሉ ብድግ አለ። አንዱ ስኒውን እንደያዘ፣ አንዷ ዳቦዋን እንደጎረሰች፣ ሁሉም።

ጋሽ ያብስራ ዐይኑ እንባ አቀረረ። "በእግዜር!" አለ፣ የአባቱ ድምፅ ከአፉ ሲወጣ እየሰማ። "በእግዜር፣ ልጆቼ! አይገባም፣ ተቀመጡ። ተባረኩ።"

ልጆቹ አልመለሱለትም። እሱ እስኪቀመጥ ዐይን ዐይኑን እያዩ ቆሙ፤ ሲቀመጥ ተቀመጡ። ዝምታቸውንም ጨዋነት ነው አለው። የዚያን ሳምንት ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ ሳይቀር እየዞረ ገባ። ጋራዥ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። በገባበት ሁሉ ተነሡለት።

ደስታውን ለእትዬ ሶልያና ነገራት። እሷ የአጥር ጎረቤቱ ናት፤ በዕድሜ ቢተካከሉም አንድ ቀን እንኳ አጉል አድንቃው አታውቅም። አጥር ለአጥር ሆነው ነው የሚያወሩት፤ እሷ ከአጥሩ ወዲያ አራት ክንድ፣ እሱም ከአጥሩ ወዲህ አራት ክንድ።

"ሶሊ፣ ወጣቱን አትሚው። ካፌ ስገባ ሁሉም ብድግ አሉልኝ። የአባቴን ክብር በዐይኔ አየሁት።"

"ብድግ ብለው የት ሄዱ?"

"ወዴት ይሄዳሉ? ቆሙ እንጂ።"

"የት ቆሙ?"

ጋሽ ያብስራ አሰበ። "ግድግዳው ጋ።"

"እንግዲህ" አለች እትዬ ሶልያና፣ ያሰጣችውን ልብስ እያገላበጠች፣ "የአባትህ ጊዜ ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር? አክብረውህ አይደለም የኔ ጌታ። ሸሽተውህ ነው።"

እውነቷን ነበር። በዚህ አገር ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ አፍ ከፈታበት ቀን ጀምሮ አንዲት መዝሙር ያውቃል። ሰው ሲመጣ ተነሡ፣ አራት ክንድ ሽሹ። ጋሽ ያብስራ ራሱ በየማለዳው በስክሪን ሲያስዘምራት ኖሯል። ክታቧ አንገት ላይ ስትንቀጠቀጥ እግር ይነሣል፤ ክታቧ ብትወልቅም እግር ይነሣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እግርንም አብረው ቢጨምሩት ጥሩ ነበር። የዚያን ዕለት ጋሽ ያብስራ እራቱን አልበላም። በእግዜር፣ በእግዜር ሲል የሰነበተው ለሚሸሹት ሰዎች መሆኑ ከማፈር አልፎ አሳዘነው።

ከሁሉም ያሳሰበው ግን የልጁ ነገር ነው።

አስካለ አንድ ልጁ ናት፤ ጅግጅጋ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ቃልኪዳን በሁለተኛው ወረርሽኝ ሞተች፤ አስካለ ገና ሕፃን ነበረች። የመራራቅ ሕጉ ያኔ ቤትና ውጭ አይለይም፤ በሽታው አይለይማ። በየቤቱ የእጅጌ ግድግዳ ተተከለ። ወፍራም መስታወት ነው፣ ከመሐሉ ሁለት ረጃጅም የላስቲክ እጅጌዎች የተንጠለጠሉበት፤ ወላጅ ከወዲህ እጁን ከትቶ ከወዲያ ያለውን ልጅ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ሲያለቅስ ይደባብሳል። ጋሽ ያብስራ አስካለን በዚያ እጅጌ አሳደጋት። ሹሩባ ሳይቀር በላስቲክ ጣት መሥራት ተማረ፤ መጀመሪያ የተሠራችውን ያየች የሰፈር ልጅ ሁሉ ስቃለች፤ ኋላ ግን እጁ ገራለት። ራሷን ችላ መታጠብ ስትጀምር ግድግዳው ተነሣ፤ እነሱም አራት ክንድ ተራርቀው በአንድ ቤት ኖሩ፤ ከዚያም ለሥራ ሄደች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ለሱ ተረት አይደለም። የገዛ ልጁን ገላ ከሕፃንነቷ ወዲህ በእጁ ነክቶት አያውቅም።

አሁን ለሁለት ቀን ፈቃድ ልትመጣ ነው፤ የሚቀጥለው ፈቃድ ለከርሞ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ለከርሞ ብሎ ቀጠሮ ሲይዝ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ጋሽ ያብስራ የፈለገው ብዙ አልነበረም። ከልጁ ጎን ተቀምጦ ከአንድ ትሪ መብላት፤ ይኸው ነው።

ትሪ አለው፤ የውሃ በርሜሉ ክዳን ሆኖ የኖረ የእናቱ ትሪ። በአመድ ፈትጎ እስኪያብረቀርቅ አጠበው። የሌለው መቀመጫ ነው። አናጢ ቤት ሄዶ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራለት ጠየቀ።

"እንዴት ያለ?" አለው አናጢው፣ ወደኋላ ፈቀቅ እያለ።

"ረዘም ያለ። ሁለት ሰው የሚቀመጥበት።"

"በየተራ?"

"አብረው!"

አናጢው የሠራለትን አግዳሚ ሲያስረክበው እግሮቹን በጣም አጠንክሮ ነበር። የሁለት ሰው ክብደት አንድ ላይ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን አላውቅም ብሎ ይቅርታ ጠየቀው።

አስካለ በማለዳው አውቶቡስ ደረሰች። አውቶቡሱ ሰው የሚጭነው በየሣጥኑ ነው፤ ከሣጥኗ ወጥታ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ የአባቷ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አባቷም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበውን ሊያደርግ፣ ጉንጯን ሊስም፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ እሷም ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች። ሁለቱም ያላዩ መሰሉ።

"ከሳህ አባባ።"

"አንቺ ነሽ የከሳሽው። ግቢ፣ ግቢ። አግዳሚ አሠርቻለሁ።"

አስካለ አግዳሚውን ዞራ ዞራ አየችው፣ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ያብስራ ከወጥ ቤት ትሪውን ይዞ ብቅ ሲል ግድግዳው ጋ ቆማ ነበር።

"ምነው?"

አስካለ እግሯን አየችው። "ይቅርታ አባባ። ሳላስበው ነው።" ተመልሳ ተቀመጠች። ትሪውን አስቀምጦ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ፤ እንደገና ተነሣች። በሦስተኛው ቀሚሷን ከአግዳሚው ጋር ጨምድዳ ይዛ ሞከረች፤ ቀሚሱ ተቀደደ፣ እሷ ግን ቆማ ተገኘች።

ጋሽ ያብስራ ከፋው። ሲከፋው ደግሞ ርእሰ መምህርነቱ ይመጣበታል። "ተከትበሻል፣ ተከትቤአለሁ። አዋጁም ተነግሯል። እኔ ወላጅሽ ነኝ ወይስ በሽታ?"

"አባባ፣ እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"እግር የማን ነው ታዲያ? የጎረቤት ነው?"

አስካለ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የቧንቧው ድምፅ ግን ማልቀሷን አልሸፈነላትም። ጋሽ ያብስራ ብቻውን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ምስር ወጡንና ጎመኑን ትክ ብሎ አየ። ወጣቱን ሁሉ በሆዱ ወቀሰ። ድሮን የማያውቅ ትውልድ፣ አለ፤ መቀመጥ እንኳ የማያውቅ። እኔ እኮ አውቃለሁ፤ ተቀምጬ አሳያታለሁ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሳለ የጓሮው በር ተከፈተና አስካለ ገባች።

ፊቷ እርጥብ ነው። አግዳሚውን አየችው፤ ባዶ ነው። ከዚያ አባቷን ፈለገችው።

"አባባ፣ የት ነህ?"

"እዚህ ነኝ" አለ ጋሽ ያብስራ። እዚህ ያለው የት እንደሆነ ያወቀው ጀርባውን የመስኮቱ ደፍ ሲቆረቁረው ነው። መቼ እንደተነሣ አያውቅም። እንዴት ከአግዳሚው እስከ መስኮቱ እንደደረሰም አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የሱ እግርም እንደዚያው ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን ሌሎች ሲሸሹት ይቆጥር ነበር እንጂ እሱ ሲሸሽ ቆሞ ያየለት ሰው አልነበረም።

አስካለ እሱን አየች፣ አግዳሚውን አየች፣ እንደገና እሱን አየች። ጋሽ ያብስራ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። የሚለው ቢያጣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ቃል አወጣ።

"ኖር እያልኩሽ ነው።"

"አባት ለልጁ ኖር ይላል እንዴ?"

"ከናፈቀችው ይላል።"

አስካለ ቃሉን ከሱ ተረት እንጂ ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። ሲተርክላት ያደረገውን አስታውሳ እጇን እንደ ሽማግሌ ዘረጋችና "በእግዜር፣ በእግዜር፣ አይገባም" አለች። ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"አባባ፣ አንተም?"

"እኔም። ድሮን አውቃለሁ ስል እኮ ነው የከረምኩት።"

የቀረውን ቀን ልምምድ ያዙ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ የወጣው ይገባል፣ የተቀመጠው ይነሣል። ዐይን ጨፍነው ሞከሩ፤ ኮቴውን ሰምቶ እግር ተነሣ። ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው ሞከሩ፤ አግዳሚው ሲነቃነቅ እግር ተነሣ። ጋሽ ያብስራ "ተነሣሁ" ሲል፣ አስካለ "ተነሣሁ" ስትል ዋለች። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እያለ አጽናናት፤ እሷም የኛ እግር የቸገረው መሄድ ሳይሆን አለመሄድ ነው አለችው። ወጡ በረደ። በመጨረሻ ትሪውን አግዳሚው መሐል አስቀምጠው፣ እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ ቆመው፣ አንዱ ሲጠጋ ሌላው እያፈገፈገ በሉ። አናጢው ትክክል ነበር፤ በየተራ ነው።

በማግስቱ አውቶቡሷ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነበር። ጋሽ ያብስራ ለመንገድ የሚሆናት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ዳቦ ቤት ሲገባ የተሰለፉት እንደልማዳቸው ግድግዳ ያዙ። ዛሬ በእግዜር አላለም፤ አልተቀየማቸውምም። ሁሉም የየራሱን እግር እያየ ነበር።

ሲመለስ በሩን ቀስ ብሎ ከፈተ።

አስካለ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምድደው ይዘዋል፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ነጥቷል። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ተረከዟ ወለሉን ደግሞ ደጋግሞ ይመታል። ላብ ከግንባሯ ወርዶ አገጯ ላይ ቆሟል። ዐይኗ ግን ተከፍቷል፤ እሱን ነው የምታየው። አልተነሣችም።

ጋሽ ያብስራ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሙሉ ዕድሜውን ሰው ብድግ እንዲልለት ሲመኝ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ክብር እንዳለ አላወቀም ነበር።

"ኖር አልልህም አባባ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

"በእግዜር" አለ ጋሽ ያብስራ። "አይገባም።"

ዳቦውን አስቀምጦ ወደ እሷ ሄደ። አራት ክንዱን፣ ሦስቱን፣ ሁለቱን አለፈና ጎኗ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ የሱ እግር ተነሣ ተነሣ አለው። እሱም የአግዳሚውን ጠርዝ ያዘ። ትከሻቸው ተነካ፤ ሁለቱም እንደ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጡ፤ አግዳሚውም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። ማንም አልተነሣም። ቆይቶ ቆይቶ አንድ እጁን ከጠርዙ አላቀቀና ራሷ ላይ አሳረፈው። እጁን መለስ አድርጎ መዳፉን አየው፤ እንደገና አሳረፈው።

"ለካ ጸጉርሽ ከርዳዳ ነው።"

"ምን መስሎህ ነበር?"

"ለስላሳ። ሁልጊዜ ለስላሳ ነበር እኮ።"

"ላስቲኩ ነዋ አባባ።"

"አዎ፣ ላስቲኩ ነው።" ጣቶቹን በጸጉሯ ውስጥ አሳለፈ። "የእናትሽ ነው። የቃልኪዳን ጸጉር እንዲህ ነበር። ረስቼው ኖሯል።" እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም፤ አንዱ እጁ አግዳሚውን፣ ሌላው ልጁን ይዞ ነበርና። አስካለ መንቀጥቀጧ ሳያቆም ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች።

እንዲህ እንዳሉ ነው እትዬ ሶልያና አስካለን ልትሰናበት የመጣችው። እንደልማዷ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ የቤቱ ሰዎች ተነሥተው እስኪርቁላት ጠበቀች። ማንም አልተነሣም።

"ምነው?" አለች። "ለአሮጊት እንኳ ኖር የሚል ጠፋ?"

"አንነሣልሽም ሶሊ" አለ ጋሽ ያብስራ። "ግቢና ተቀመጪ።"

"የቱ ላይ?"

አስካለ ወደ አባቷ ተጠጋች። እሱም እስከ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋ። ከጎናቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቀቀ። እትዬ ሶልያና ቦታውን አየችው፤ አንድ እግሯን አነሣች፤ እዚያው መለሰችው። ጉልበቷን በእጇ ይዛ ደፉ ላይ ቆመች።

"ቀስ በይ" አላት ጋሽ ያብስራ። "እግር ነው።"

ጠጋ እንዳሉ ጠበቋት።